ከአንድ እፍኝ ሞስ ሮቲፈርና አዳኝ ማይት ማውጣት፦ ግማሹን አርጥቡ፣ ግማሹን አድርቁ

ማይክሮስኮፕ የገዛ ሰው መጀመሪያ የሽንኩርት ልጣጭ ያያል፣ ቀጥሎ የራሱን ፀጉር፣ ከዛ መልሶ ካርቶኑ ውስጥ ይከተውና አልጋ ስር ይገፋዋል። እኔም እንደዛው አድርጌ ነበር። ካልጋ ስር ያስወጣልኝ አንድ እፍኝ ሞስ ነው፣ ሞስ ስል ግድግዳና ድንጋይ ላይ አረንጓዴ ምንጣፍ መስሎ ሚበቅለውን ነው፣ ሁላችንም ሳናየው ምናልፈውን። እሱ ውስጥ ዛሬ ማወራላችሁ ሁለት አይነት ፍጥረቶች ይኖራሉ። አንዷ ሮቲፈር ናት፣ ውሃ ውስጥ ምትኖር፣ አፏ ጋ ጎማ ሚሽከረከር ሚመስል ደቃቅ እንስሳ። ሌላው አዳኝ ማይት ነው፣ የሸረሪትና የመዥገር ዘመድ፣ ስምንት እግር ያለው፣ ሌሎች ማይቶችን፣ የነፍሳት እንቁላልንና ደቃቅ ትሎችን እያሳደደ ሚበላ።

ዘዴውን በአንድ አረፍተ ነገር ልንገራችሁ፦ ሮቲፈሯን ውሃ ያስነሳታል፣ ማይቱን ድርቀት ያባርረዋል። ስለዚ እፍኙን ለሁለት ትከፍሉና ግማሹን ታረጥባላችሁ ግማሹን ታደርቃላችሁ። ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው፣ ግን ሰው ሚያበላሸው ዝርዝሩ ላይ ነው።

ሞሱን ስትሰበስቡ

አንዱን እፍኝ መክፈል ይበቃል፣ ለየብቻ መሰብሰብ ከቻላችሁ ግን ለሮቲፈር ምርጡ ፀሐይ ያገኘው፣ ግራጫ ሊሆን የደረሰ፣ ሲነኩት ሚንኮሻኮሽ ደረቅ ሞስ ነው። ሰው ተቃራኒውን ነው ሚያስበው፣ እርጥቡንና ለምለሙን ይፈልጋል። ደረቁ ውስጥ ያሉት ግን አንዴ ደርቀው አንዴ ረጥበው የኖሩ ስለሆኑ ስታረጥቧቸው ይነሱላችኋል። ለማይት ደግሞ የግድግዳው እግር ስር፣ ጥላ ውስጥ ያለውን ወፍራሙን ውሰዱ፣ ከስሩ ካለው አፈርና ከበሰበሰ ቅጠል ጋር አድርጋችሁ። የሮቲፈሩን በወረቀት ፖስታ አድርጉት፣ ላስቲክ ውስጥ ካደረጋችሁት ትንሽ እርጥበት ካለው ይሻግታል። የማይቱን ግን በላስቲክ፣ ትንሽ አየር ትታችሁ፣ ፀሐይ ሳታስነኩ። ደረቁ ወራት ቢቀመጥ ግድ የለም፣ እርጥቡን ግን በቶሎ፣ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ካልሰራችሁበት እርስ በርስ ተበላልተው ያልቃሉ። ፖስታው ላይ ቀንና ቦታ ፃፉ፣ አስታውሳለሁ ምትሉትን አታስታውሱም።

የሚረጥበው ግማሽ

ውሃውን አፍሉና አቀዝቅዙ። ለምን? አንደኛ ከቧንቧ የቀዳችሁት ከሆነ ክሎሪኑ ይወጣለታል፣ ሁለተኛ ደግሞ ያያችሁት እንስሳ ከውሃው ሳይሆን ከሞሱ እንደመጣ እርግጠኛ ትሆናላችሁ። ይሄ የኔ ብልጠት አደለም። ሊወንሁክ ሚባለው ኔዘርላንዳዊ በ1702 ዴልፍት ከተማ ውስጥ ከጣራ አሸንዳ ላይ የወሰደውን ደረቅ ደለል ውሃ ሲያፈስበት እንስሳቱ ተነስተው ሲዋኙ አየ፣ ከውሃው መጡ እንዳይባልም ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ተጠቅሟል። ከ300 አመት በኋላም ከዚህ ሚሻል መንገድ አላየሁም።

የአውራ ጣት ጥፍር ሚያህል ሞስ ፔትሪ ዲሽ ወይ ጎድጎድ ያለ ሳህን ላይ ገልብጣችሁ አስቀምጡ፣ ሚሸፍነውን ያህል ውሃ ጨምሩበት። አንዳንዶቹ ግማሽ ሰአት ሳይሞላ ይነሳሉ፣ ሰነፎቹ ጥቂት ሰአት ይፈልጋሉ፣ እኔ ማታ ነክሬ ጠዋት ነው ማየው። ከዛ ሞሱን በወረንጦ ይዛችሁ እዛው ሳህን ውስጥ ጭመቁት፣ ቡናማ ነገር ይወርዳል፣ እሱን አትድፉት! ምንፈልገው እሱን ነው። አምስት ደቂቃ ሲረጋ ከስር የተኛውን ዝቃጭ በፒፔት (ጠብታ መሳቢያ ቱቦ) ስባችሁ አንድ ጠብታ ስላይድ (ማያ መስታወት) ላይ።

ከቨር ስሊፑን፣ ጠብታው ላይ ሚከደነውን ስስ መስታወት፣ ዝም ብላችሁ ካስቀመጣችሁበት ትደፈጥጧቸዋላችሁ። አራቱን ጫፎች በጣም ትንሽ ቫዝሊን ነካ አድርጓቸው፣ እንደ እግር ይሆኑታል። ውሃው ከበዛና እንስሳዋ እየዋኘች ካስቸገረቻችሁ በሶፍት ጫፍ ዳሩ ላይ ንክት አድርጋችሁ ውሃውን ቀንሱ፣ ወይ ከጥጥ ላይ ጥቂት ክር በትናችሁ ጨምሩበት፣ ክሮቹ መሀል ትገባና ትረጋጋለች። በ40 እጥፍ ጀምሩ፣ ስታገኙ ወደ 100 ከዛ ወደ 400። አሁን ብዙ ጀማሪ ማያውቃት ነገር፦ ስላይዱ ከሚቀመጥበት መድረክ ስር ያለውን የብርሃን መዝጊያ አጥብቡት። እንስሳዋ እንደ መስታወት ናት፣ ብርሃኑ ከበዛ እፊታችሁ ሆና አታይዋትም።

ምን ታያላችሁ? መጀመሪያ ክብ፣ ግራጫ ወይ ቀላ ያለ ድቡልቡል ነገር። የአሸዋ ፍሬ ነው ብላችሁ ልታልፉት ትችላላችሁ፣ እኔ ስንቱን እንዳለፍኩ። ጠብቁት። አንዱ ጫፍ ቀስ ብሎ ይሾላል፣ ከዛ እንደ ተጣጣፊ ቴሌስኮፕ አንዱ ክፍል ካንዱ ውስጥ እየወጣ ይረዝማል፣ ጭንቅላቷን ትተክላለች፣ እግሯን ስባ ታስጠጋለች፣ እንደገና ጭንቅላት፣ እንደገና እግር፣ ልክ እንደ አልቅት። ስትረጋጋ ደግሞ እግሯን ትለጥፍና ከጭንቅላቷ ሁለት ጎማ ትከፍታለች። ጎማ አደለም በርግጥ፣ ሲሊያ ሚባሉ ደቃቅ ፀጉሮች ተራ በተራ ሲጎነበሱ አይናችን ሚሽከረከር አድርጎ ያነበዋል። ሮቲፈር ሚለው ስምም ከላቲን ጎማ ተሸካሚ ማለት ነው። ጎማው ውሃ እያዞረ ባክቴሪያና አልጌ ወደ አፏ ይጎትታል። ጥቂት የእርሾ ውሃ ከዳር ጠብ ብታደርጉ ፍሬዎቹ እየተሽከረከሩ ሲገቡ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ወረድ ብሎ፣ አንገቷ አካባቢ፣ እንደ ልብ ሚመታ ነገር አለ። ልብ አደለም፣ ሮቲፈር ልብ የላትም፣ ማስታክስ ሚባል ማኘኪያ ነው፣ ውስጡ ጠንካራ መንጋጋ አለው። ያዩት ነገር ሮቲፈር ይሁን ሌላ ካምታታችሁ መለያው ይሄ ነው፦ ሲሊያ ያላቸው ባለ አንድ ሴል ፍጥረቶች ይሄን ሚመታ መንጋጋ የላቸውም፣ ስምንት አጫጭር እግር ካያችሁ ደግሞ እሱ የውሃ ድብ ሚባለው ታርዲግሬድ ነው፣ እንኳን ደስ አላችሁ ግን ሌላ ወሬ ነው።

መጠኗን አስቡት እስቲ። አብዛኞቹ ከ0.1 እስከ 0.5 ሚሊሜትር ናቸው፣ ከአንዳንድ ባለ አንድ ሴል ፍጥረቶች እኮ ያንሳሉ፣ ሆኖም አንጀት፣ አንጎል፣ እንቁላል ማምረቻ፣ መንጋጋ፣ አንዳንዶቹ ቀይ የአይን ነጥብ አላቸው፣ ሁሉም ወደ 1,000 ገደማ ሴል ውስጥ ተጠቅጥቆ። ከተፈለፈለች በኋላ ሴሎቿ አይበዙም፣ ምታድገው ያሉት ሴሎች እየተለቁ ነው።

ሞስ ውስጥ ምታገኟቸው በአብዛኛው ብዴሎይድ ሚባሉት ናቸው፣ ስማቸውም በግሪክ አልቅት ከሚለው የመጣ ነው። እነዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ከነሱ ሚገርም ብዙ የለም። ወንድ የላቸውም። ተፈልጎ ተፈልጎ አንድም ወንድ ተረጋግጦ አልታየም፣ ሴቷ ያለ ወንድ እንቁላል ትጥላለች፣ ከእንቁላሉ ሴት ትወጣለች፣ እንዲህ እያሉ በሚሊዮን ሚቆጠሩ አመታት ቆይተዋል፣ እስካሁን ሚታወቁትም ከ400 በላይ ዝርያ ናቸው። ሲደርቁ ዲኤንኤያቸው ይበጣጠሳል፣ ሲረጥቡ መልሰው ይጠግኑታል፣ ለዛም ነው ሌላ እንስሳ ሚገድል ጨረር ሚችሉት። ጂኖቻቸው ውስጥም ከባክቴሪያ፣ ከፈንገስና ከተክል የመጣ ብዙ ተገኝቷል። በ2021 የወጣ ጥናት ደግሞ ሳይቤሪያ ውስጥ ወደ 24,000 አመት በረዶ ሆኖ ከቆየ አፈር የተነሳ ብዴሎይድ እንደገና መራባት እንደጀመረ ያሳያል። እናንተ ከግድግዳ የፈነቀላችሁት የዛ ዘመድ ነው።

ሌላኛውን ወገን ማየት ከፈለጋችሁ ሞስ አይበቃም፣ ኩሬ ያስፈልጋል። በደቃቅ መረብ፣ 50 ማይክሮን (0.05 ሚሊሜትር) አካባቢ ቀዳዳ ባለው፣ ውሃውን ብትጎትቱ ሞኖጎኖንት ሚባሉት ይመጣሉ፣ ከ2,000 ሚበልጡት የሮቲፈር ዝርያዎች አብዛኞቹ እነሱ ናቸው። እዚ ጋ ቅርፁ ይበዛል፦ ኬራቴላ ጀርባዋ የኤሊ ድንጋይ መሳይ ስእል ያለበት ጠንካራ ቅርፊት ለብሳለች፣ ፍሎስኩላሪያ ከውሃ ውስጥ ያገኘችውን ብናኝ አፏ ጋ እያድቦለቦለች ጡብ በጡብ ቱቦ ቤት ትሰራለች (ውሃ ላይ ከሚንሳፈፍ ቅጠል ከስሩ ፈልጓት)፣ አስፕላንክና ደግሞ ግልፅ ከረጢት መሳይ አዳኝ ናት፣ የዋጠቻት ሮቲፈር ሆዷ ውስጥ ቁጭ ብላ ትታያለች። ብራኪዮነስ ሚባለው ወገን ውስጥ አንዳንዶቹ የአስፕላንክናን ሽታ ውሃው ውስጥ ካገኙ ልጆቻቸው ረጅም እሾህ አብቅለው ይወለዳሉ፣ ለመዋጥ እንዳይመቹ። የአሳ ጫጩት አርቢዎች የመጀመሪያ ምግብ አድርገው ሚያረቡትም ብራኪዮነስ ነው። እነዚህ ወንድ አላቸው፣ ግን አልፎ አልፎ ነው ሚወለዱት። ሁኔታው ሲለወጥ፣ ለምሳሌ ሲጨናነቁ፣ ሴቶቹ ለየት ያለ እንቁላል ይጥላሉ፣ ሳይዳብር ከቀረ ትንሽዬ ወንድ ይወጣዋል፣ የረባ አንጀት እንኳ የሌለው፣ ሳይበላ ኖሮ ሳይበላ ሚሞት። ከዳበረ ደግሞ ወፍራም ቅርፊት ያለው፣ ኩሬው ደርቆ እስኪመለስ ሚተኛ እንቁላል ይሆናል።

ዝርያውን ልለይ ካላችሁ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ብዴሎይዶችን በህይወት እያሉ ነው ምትለዩት። አልኮል ውስጥ ከከተታችኋቸው ሁሉም ይኮማተሩና አንድ አይነት ድቡልቡል ይሆናሉ፣ ስለዚ ፎቶና ቪዲዮ አንሱ። የሞተች ከሆነች ደግሞ አንድ ጠብታ በረኪና ከከቨር ስሊፑ ዳር አስገቡባት፣ ስጋው ይሟሟና መንጋጋው ብቻ ይቀራል፣ ቅርፁ ከቤተሰብ ቤተሰብ ይለያያል። በረኪናው ሌንሱን እንዳይነካ።

ካያችሁ በኋላ መልሳችሁ ማድረቅ ትችላላችሁ፣ ግን በባዶ ስላይድ ላይ አደለም። ባዶ መስታወት ላይ በፍጥነት ከደረቁ ብዙዎቹ አይመለሱም። ከሞሱ ወይም ከጥቂት ንፁህ አሸዋ ጋር አድርጋችሁ ክዳኑን ገርበብ አድርጋችሁ በሁለት ሶስት ቀን ይድረቁ፣ ቀስ ብለው ሲደርቁ እንደ በርሜል ተኮማትረው ለመተኛት ጊዜ ያገኛሉ።

የሚደርቀው ግማሽ

ሀሳቡ ቀላል ነው፦ ከላይ ሲሞቅና ሲደርቅ የአፈር ፍጥረት ወደታች ይሸሻል፣ ታች ስትጠብቁት ይወድቅላችኋል። በ1905 ጣሊያናዊው አንቶኒዮ ቤርሌዘ በፈላ ውሃ ሚሞቅ ፈነል፣ ከላይ ሰፍቶ ከስር ሚጠብ እቃ፣ ሰራ፣ በ1918 ስዊድናዊው ቱልግሬን ውሃውን ትቶ አምፖል አደረገበት። እናንተ ሁለት ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ ይበቃችኋል።

የላይኛውን ሲሶ ቆርጣችሁ አፉን ወደታች ገልብጣችሁ ከስረኛው ክፍል ውስጥ ሰኩት። አንገቱ ላይ ሁለት ሚሊሜትር አካባቢ ቀዳዳ ያለው ወንፊት አድርጉ፣ ያለሱ አፈሩ ሁሉ ይወርዳል። ሞሱንና የበሰበሰውን ቅጠል ገልብጣችሁ፣ አረንጓዴው ወደታች፣ ሳትጠቀጥቁ አስቀምጡ፣ ሚሸሹበት መንገድ መጀመሪያ የመጡበት ስለሆነ። ከስር ለመግደል ከሆነ 70 ፐርሰንት አልኮል፣ ለማየት ከሆነ ደግሞ እርጥብ ሶፍት የተነጠፈበት ኩባያ። የታችኛውን ክፍል በጥቁር ወረቀት ጠቅልሉት፣ ጨለማ ይስባቸዋል። ከላይ ትንሽ ዋት ያለው፣ ሚሞቅ አምፖል፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ርቀት። ኤልኢዲ ብዙም አይሞቅም፣ ጊዜ ይፈጃል።

እዚ ላይ የራሴን ጉድ ልናገር። የመጀመሪያ ቀን ቶሎ እንዲያልቅ ብዬ ትልቅ አምፖል ሞሱ ላይ ልነካው ምንም እስኪቀረው አስጠጋሁት፣ በሁለት ሰአት ሞሱ ከላይ እንደ ገለባ ሆነ፣ ቤቱ ጭስ ጭስ ሸተተ፣ ኩባያው ውስጥ ሶስት ነገር ብቻ ነበር። የቀሩት ሳይወርዱ እዛው ደርቀው ቀሩ። እነዚህ ፍጥረቶች ቀስ ብለው ነው ሚሄዱት፣ ድርቀቱ ከላይ ወደታች ቀን በቀን መውረድ አለበት። ከሶስት እስከ አምስት ቀን ስጡት፣ ከቤት ስትወጡ አምፖሉን አጥፉ፣ ደረቅ ሞስና የጋለ አምፖል እሳት ናቸው።

ኩባያው ውስጥ ሁሉም አይነት ይወድቃል። ሚዘሉት ስፕሪንግቴይል ሚባሉ ደቃቅ የአፈር ፍጥረቶች ናቸው። ቡናማ፣ የሚያብለጨልጭ፣ እንደ ትንሽዬ ጥንዚዛ ክብ ሆኖ ቀስ ብሎ ሚሄደው ኦሪባቲድ ማይት ነው፣ ብስባሽና ፈንገስ በሊ፣ ሰላማዊ። አዳኞቹን በሩጫቸው ታውቋቸዋላችሁ። ረዘም ያለ እግር፣ ገርጣ ያለ ወይ የማር ቀለም፣ በትንፋሻችሁ ስትነኳቸው ይራወጣሉ። የፊት ሁለቱን እግር አስተውሉ፦ ሜሶስቲግማታ ሚባለው ወገን አይን የለውም፣ የፊት እግሩን ወደላይ አንስቶ እንደ አንቴና እያርገበገበ ነው በማሽተትና በመዳሰስ ሚሄደው፣ ሚራመደው በቀሩት ስድስቱ ነው። አፉ ጋ እንደ መቀስ ሚከፈት ሁለት መቆንጠጫ አለ። ሲይዝ ወግቶ ፈሳሽ ይለቅበትና የሟሟውን ይመጥጣል፣ አያኝክም።

ሲያድን ለማየት መድረክ ስሩለት። ጥጥ በውሃ አርሳችሁ ሳህን ላይ አንጥፉ፣ ቅጠል ጀርባውን ወደላይ አድርጋችሁ አስተኙበት፣ ዳሩን በእርጥብ ሶፍት ክር ክበቡት። ማይት ውሃ አይሻገርም፣ ስለዚ ቅጠሉ ደሴት ይሆናል። በቀጭን እርጥብ ብሩሽ ጫፍ ነክታችሁ አንሱት፣ በወረንጦ ከሆነ አለቀለት። ማይክሮስኮፑ ከላይ ሚያበራ፣ ከ20 እስከ 40 እጥፍ ይበቃል፣ 20 እጥፍ የእጅ ሌንስም ይሰራል።

ሞስ ውስጥ ያሉት ብርሃን ስለማይወዱ ይደበቃሉ፣ ቀኑን ሙሉ ጥጡ ስር ያገኘኋቸው ጊዜ አለ። ለጀማሪ ሚመቹት ቅጠል ላይ ሚኖሩት፣ ፋይቶሴይድ ሚባሉት አዳኝ ማይቶች ናቸው፣ ከ2,000 በላይ ዝርያ አላቸው። ነጭ ነጥብ ነጥብ ያለበት፣ ስሩ ደቃቅ ድር ያለው ቅጠል ፈልጉ፣ እሱን ያደረገው የሸረሪት ማይት ሚባለው ተክል በዪ ማይት ነው። የተበላው ተክል ለየት ያለ ሽታ ይለቃል፣ አዳኙ በሱ ተመርቶ ይመጣል። ክብ እንቁላል ካያችሁ የሸረሪት ማይቱ ነው፣ ሞላላና እጥፍ ሚያህል ካያችሁ የአዳኙ። ከአዳኞቹ ታዋቂው ፋይቶሴዩለስ ፐርሲሚሊስ ነው፣ ብርቱካንማ፣ የፒር ፍሬ ቅርፅ፣ ግማሽ ሚሊሜትር፣ በ1958 ከቺሊ በመጣ ኦርኪድ ላይ ጀርመን ውስጥ ተገኝቶ ዛሬ የሸረሪት ማይትን እንዲያጠፋ በአለም ዙሪያ ግሪንሃውስ ውስጥ ይለቀቃል። አንዷ ሴት በቀን እስከ 20 የሸረሪት ማይት እንቁላል ትበላለች፣ ሞቅ ባለ ቦታ ከእንቁላል እስከ ጎልማሳ ሳምንት አይሞላትም። ችግሩ የሸረሪት ማይት ካለቀ ሌላ አትበላም። አምብሊሴየስ ስዊርስኪ ደግሞ የአበባ ብናኝ ከሰጣችሁትም ይኖራል፣ ስለዚ ማቆየት ለፈለገ ሰው ይሻላል። ስትቆጥሩ ስድስት እግር ብቻ ያለው ካገኛችሁ አትደናገጡ፣ እጭ ነው፣ ስምንት ሚሆነው ቆዳ ሲቀይር ነው።

ወንዱ ነገር ላይ ከሮቲፈሯ ጋር አስተያዩት። የኩሬዋ ሮቲፈር ወንድ ምትወልደው እንቁላሉ ሳይዳብር ሲቀር ነው አልን። ብዙ ፋይቶሴይዶች ጋ ግን እንቁላሉ መዳበር አለበት፣ ከዳበረ በኋላ ወንድ ሚሆነው ከአባቱ የመጣውን ክሮሞዞም አውጥቶ ይጥለዋል። አባት ያስፈልጋል፣ ግን አይወረስም!

እድለኛ ከሆናችሁ ፈነሉ ውስጥ ቀይ፣ ረጅም አፍንጫ ያለው ማይት ይወድቃል። ብዴሊድ ይባላል፣ አዎ፣ ስሙ ከዛው ከአልቅት ነው፣ ከሮቲፈሯ ጋር ዝምድና የለውም ስሙ ብቻ ነው አንድ። እሱ ከአፉ ሐር ተፍቶ ያደነውን ከመሬት ጋር ያስረዋል። ጥንዚዛ ስታገኙም ሆዱን ገልብጣችሁ እዩ፣ ማይት ተሳፍሮበት ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ጊዜ ጥንዚዛውን አይነካውም፣ የዝንብ እንቁላልና ትል ወዳለበት እበት ወይ ጥምብ እስኪያደርሰው ነው።

ለመለየት አልኮል ውስጥ ያለውን አውጥታችሁ ላክቲክ አሲድ ውስጥ ጥቂት ቀን አቆዩት፣ ገላው ይጠራል፣ ከዛ በ400 እጥፍ የጀርባ ፀጉሩን ቁጥርና ርዝመት ትቆጥራላችሁ። አድካሚ ነው፣ አልዋሽም።

ፈነሉ ሲያልቅ የደረቀውን ሞስ አትጣሉት። ማይቶቹ ሸሹ እንጂ ሮቲፈሮቹ የትም አልሄዱም፣ አምስት ቀን ቀስ ብሎ መድረቅ ለነሱ ምቹ ነው፣ አምፖሉን ካላስጠጋችሁት በስተቀር። ባለፈው እኔ ቆንጠር አድርጌ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ነከርኩትና ስላይዱን አስቀምጬ ወሬ ይዤ ቀረሁ፣ ተመልሼ አይኔን ሳስጠጋ አንዱ የአሸዋ ፍሬ ጫፉ ሾሎ እግር እያወጣ ነበር።